ከአጽመ ርስት እስከ ቪላ፤ ሀብትና ወሬ በሸዋ

ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኘው ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ዋና ከተማ ናት። አገሩ ብርዱ የከበደ፣ ዛፉ የሳሳ ደጋ በመሆኑ የጥንቱ የመንዝ ቤት በድንጋይ ተክቦ፣ በሣር ተከድኖ የሚሠራ ነበር። እንግዳ ሰው በመንደሩ ሲያልፍ የባለጸጋውን ቤት ከድሃው ቤት ለመለየት ይቸገራል። የባለጸጋው ምናልባት ጥቂት ሰፋ ይላል፤ አጥሩ ይጠነክራል፤ ጎተራው ይበዛል፤ በጋጣው የሚያድረው በግ ይበረክታል። ባለቤቱ ግን ውርጭ ሲወርድ የሚደርበው ጎረቤቱ የሚደርበውን የበግ ጠጉር ባና ነው። ታዲያ በመንዝ ማን ባለጸጋ፣ ማን ድሃ እንደሆነ በምን ይታወቅ ነበር ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው ከዐይን ይልቅ ከጆሮ ዘንድ ነው።

የመንዝ ሰው መሬት የሚይዘው በአጽመ ርስት ነበር። ይኸውም አገሩን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን እየቆጠረ፣ ከአባቱ አገር ድርሻ ይገባኛል የሚልበት ሥርዓት ነው። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ትወርሳለች። ስለሆነም አንድ ሰው ከተወለደበት መንደር አልፎ አያቱና ቅድመ አያቱ በተወለዱበት ሁሉ ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ ሌላውም እንዲሁ ከሩቅ ቀዬ መጥቶ እርሱ የሚያርሰውን ማሳ ሊጠይቀው ይችላል። ካርታ የለም፤ ደብተር የለም፤ ማኅተም የለም። ያለው የሽማግሌ ምላስ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሊት ለእገሌ ተዳረች፣ ያኛው በክፉ ቀን ተሰዶ በዚያው ቀረ፣ ይህኛው የእንጀራ ልጅ እንጂ የአብራክ ልጅ አይደለም እየተባለ በየደጀ ሰላሙና በየችሎቱ የሚነገረው ቃል የመሬት መዝገብ ሆኖ ያገለግል ነበር። በሌላ ስፍራ ሐሜት ተብሎ የሚናቀው የማን እናት ከማን ወለደች የሚል ሹክሹክታ በመንዝ ዳኛ ፊት ሲደርስ ማሳ ያስገኛል፣ ወይም ማሳ ያሳጣል። የመንዝ ሰው ሙግት ይወዳል የሚለው የቆየ ስም የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቃሉን መዝኖ፣ ግራ ቀኙን አይቶ መናገሩም እንዲሁ።

ወሬን ወደ ሕግ የሚያስገባ ሌላም ሥርዓት ነበር። ሰው ሲገደል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምሥጢር ይነግራል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስም ስብሰባው አይፈታም። ጭምጭምታውን የሚያቀብለው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ሥርዓቱ ገበሬውን ከእርሻው አስፈትቶ የሚያጉላላ፣ ቂመኛም ጠላቱን የሚበቀልበት እንደነበር አይካድም። ሆኖም የሚናገረውም፣ የሚነገርበትም፣ የሚሰማውም በአንድ ቀዬ ተወልደው የሚተዋወቁ ናቸው፤ ውሸት ያቀበለው «ወፍ» ነገ የሚኖረው እዚያው ጎጆ ውስጥ ነው። ወሬው ጌታ ነበረው ለማለት ይቻላል።

የሸዋ መሳፍንት መነሻቸው ይኸው ደጋ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ የተነሡት ነጋሲ ክርስቶስ የመሠረቱት ቤት በልጅ ልጆቻቸው ዘመን ወደ ይፋት ተስፋፋ፤ አንኮበርን መናገሻው አደረገ፤ በምኒልክ ጊዜ ወደ እንጦጦ ተሻገረ፤ ከ1879 ዓ.ም. ወዲህም ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባን ቆረቆረ። ከገዢው ጋር ወታደሩ፣ ካህኑ፣ ባልደራሱና አሽከሩ አብረው ወረዱ። የከተማይቱ ክፍሎች ሰፈር የተባሉት በጦር ሰፈርነት ስለ ጀመሩ ነው። እያንዳንዱ መኰንን በተመራው ጉብታ ላይ ግቢውን ያጥራል፤ ጭፍራው በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል፤ ቦታውም በመኰንኑ ስም ይጠራል። የራስ መኰንን ድልድይ፣ የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ የደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት መጠሪያዎች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ደጃች ውቤ ግን ሰፈራቸው ከዓመታት በኋላ «ውቤ በረሃ» ተብሎ በመጠጥ ቤትና በሌሊት ጭፈራ እንደሚታወቅ ቢነገራቸው ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በዚያ ዘመን የመኰንን ሀብት የሚለካው በሚያበላው ሰው ብዛት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ግብር ይበላ ነበር፤ መኳንንቱም በየግቢያቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የገባው ሁሉ እንደ ማዕረጉ ይቀመጣል፤ ብርንዶው ለማን ቀድሞ እንደቀረበ፣ ጠጁ በብርሌ ይሁን በዋንጫ ለማን እንደተቀዳ በዐይኑ ያያል፤ አዝማሪውም በጌታው ፊት ቆሞ፣ በሰምና ወርቅ አስታኮ፣ ንፉግነቱን ወይም ቸርነቱን ይነግረዋል። ይህ ሁሉ ለጋስነት ከማን ጉልበት የተገኘ ነው የሚለው ጥያቄ በአዳራሹ ውስጥ አይነሣም። ርስተኛው የመንዝ ገበሬ ግብርና አሥራት ቢከብደውም በአባቱ መሬት ላይ ነበር፤ የአዳራሹን ማርና ሰንጋ በገባርነት የተሸከመው ከሁሉ ይበልጥ የደቡብ ገበሬ ነው። ያም ሆኖ በግብር አዳራሽ ሀብት የሚታይ ነገር እንጂ የሚሸሸግ ነገር አልነበረም። ሺህ ሰው ያየውን ነገር ሹክ መባባል አያስፈልግም።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው የከተማ መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ ዕቃ ሲሆን ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ሕግ በከተማይቱ የተያዘ ቦታ በግል ባለቤትነት እንዲታወቅ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ መንገድ ከፈተ። ቦታ ዋጋ ሲያወጣ ቤትም አብሮ መልኩን ለወጠ። እንደ ሕንዳዊው ሐጂ ቀዋስና እንደ አርመናዊው ሚናስ ኸርቤጊያን ያሉ ባለሙያዎች ለከተማይቱ ድንጋይን ከእንጨት፣ ሰገነትን ከቆርቆሮ ጣራ ያዋሐደ አዲስ ዓይነት ቤት አስተዋወቋት። በጊዮርጊስ አቅራቢያ የተሠራው የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ኋላ የማዘጋጃ ቤት ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ደግሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም ገባበት። እነዚህ ቤቶች ፊታቸው ወደ ውጭ የሚያይ ነው፤ ሰገነታቸው የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። በግቢውና በቪላው መካከል የቆሙ የሽግግር ቤቶች ናቸው ቢባል ያስኬዳል።

ወሬው ግን ከቤቱ ቀድሞ ተለውጦ ነበር። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ተሸሸገ፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማንም ጮኾ አይናገረውም ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ለክሱ ግብዓት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በየግቢው ሲነገር የቆየው የልዑሉ አዋዋል፣ አለባበስና ጋብቻ ነው። ከወሬው ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደነበር የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የወሬው ዋጋ ግን አያከራክርም፤ የተከፈለውም በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጃቸው ሲዘምቱ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድና ጭፍሮቻቸው አለቁ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው ወደቀ። በእልፍኝ ውስጥ በሹክሹክታ የተጀመረው ነገር ማሳውን ትቶ በዘመተ ገበሬ ደም ተዘጋ።

የፋሽስት ወረራ አምስት ዓመታት ለከተማይቱ ሌላ ዓይነት ቤት ትተውላት ሄዱ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት መጠሪያ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ መኳንንቱና አዲሱ የቢሮ ሹም ከወራሪው የወረሱት ትልቁ ነገር ቪላ ሳይሆን አይቀርም፤ ባለ አንድ ቤተሰብ፣ ባለ አትክልት፣ ባለ ግንብ አጥር፣ ባለ ብረት በር ቤት። ግብር የሚበላበት አዳራሽ ቀረና በምትኩ ሳሎን መጣ። ሳሎን ለሃያ ሰው እንጂ ለሺህ ሰው አይሆንም። ከዚያ በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተቋቋሙ፤ ኤምባሲው በዛ፤ የውጭ አገር ሰው ቤት ፈላጊ ሆነ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት የቀድሞው ማረፊያ አካባቢ «ኦልድ ኤርፖርት» ተብሎ የቪላ ሰፈር ወጣው። ባለ ርስቱ ቪላውን ለዲፕሎማት እያከራየ፣ በኪራዩ ሌላ ቪላ እያሠራ፣ መሬት እንደ ላም የሚታለብበትን ዘዴ ተማረ። በ1953 ዓ.ም. ገደማ ከከተማይቱ መሬት 58 በመቶ የሚሆነው በ1,768 ሰዎች እጅ ነበር። ይህን ቁጥር ያኔ የሚያውቀው ጥቂት የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው። ሌላው ሕዝብ የሚያውቀው ወሬውን ነው።

የወሬውም ምንጭ በር ላይ ነበር። ርስት በትውልድ ብዛት እየተሸራረፈ፣ አፈሩም እየሳሳ ሲሄድ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ ይወርድ ጀመር። ወታደር የሆነ ነበረ፤ የቀን ሠራተኛ የሆነ ነበረ፤ ዱላና ባናውን ይዞ የቪላ ዘበኛ የሆነም ነበረ። የዚህን ሰው ሁኔታ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአገሩ ባለ ርስት ነው፤ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ «የአባቴ አገር» የሚለው መሬት አለው። በከተማው ግን ከብረቱ በር አጠገብ በተሠራች፣ እግር በማታዘረጋ የቆርቆሮ ክፍል ያድራል። የሚጠብቀው ቪላ ጌታ ምናልባት ከዚያው ደጋ የወጣ ዘር ነው፤ ምናልባትም በአንድ አቅኚ አባት ይገናኛሉ። በሞላሌ ችሎት ቢሆን ኖሮ ዘበኛው ዘሩን ቆጥሮ ከጌታው ጋር በእኩል ይሟገት ነበር። በብረቱ በር ላይ ግን ዘር ቆጠራ አይሠራም፤ «አቤት ጌታዬ» ብሎ መክፈት ነው።

ስለዚህ ያየውን ይናገራል። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ በማን መኪና ገባ፣ እመቤት ለምን ወደ አሥመራ ሄደች፣ አዲሱ የሳሎን ዕቃ ከየት አገር መጣ፣ ለልጅቱ ሠርግ ስንት ሰንጋ ተጣለ የሚለው ሁሉ ከዘበኛው ወደ ወጥ ቤቷ፣ ከወጥ ቤቷ ወደ ሹፌሩ፣ ከሹፌሩ ወደ ጠላ ቤቱ ይሻገራል፤ በዕድርና በጽዋ ማኅበር ላይ እንደ ቡና ቁርስ ይቀርባል፤ በአውቶቡስ ተሳፍሮም ደጋው ድረስ ይወጣል። በየደረጃው አንድ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ሃያው ሰንጋ መቶ ሲሆን ከልካይ የለውም፤ ሠርጉን ያየ ሰው የለማ። የተማረው ክፍል ይህን ወሬ የሥራ ፈት ነገር እያለ ይንቀው ነበር። ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን የከተማው ድሃ መዝገብ ቤት ገብቶ ማየት ያልተፈቀደለትን ሀብት የሚቆጥርበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ያ ቆጠራ የተሳሳተ ቢሆን ስሕተቱ የቆጣሪው ብቻ አይደለም።

ባለ ቪላዎቹም እርስ በርሳቸው ይተማሙ ነበር፤ የእነርሱ ሐሜት ደግሞ የዘር ነው። የማን አያት ጠይብ እንደነበረ፣ የማን ሹመት በሚስቱ በኩል እንደመጣ፣ አዲሱ ባለ ሀብት አባቱ ማን እንደሚባል ይጠየቃል። የመንዝ ችሎት ቋንቋ በሳሎን ውስጥ እንደገና ይሰማል፤ ግን መሬት የሚያስገኝበት ወይም የሚያሳጣበት ጉልበት አልነበረውም፤ ሰው የሚዋረድበት ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህን በዘመኑ ከሁሉ አጥርቶ ያየው መድረኩ ነው። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ከትልቅ ቤት የተወለደ የተማረ ወጣት ከድሃ ልጅ ጋር የሚጋባበትንና ዘመዶቹ የሚያዩበትን ዐይን ይዞ ሕዝቡን ያሳቀው በ1950ዎቹ ነው። ከሳቂዎቹ መካከል በብረት በር ገብተው የሚያድሩ ብዙዎች ነበሩ።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ረሃቡ ከመንዝ ደጋ ማዶ ነበርና የሰሜን ሸዋ ሰው ስደተኛውን በመንገዱ አይቶታል፤ በአዲስ አበባ ሳሎኖች ግን ስለ ረሃቡ የሚነገረው በወሬ ደረጃ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በ1966 ዓ.ም. በአገሩ ሲታይ ነገሩ ዓለምን አስደነገጠ። ደርግም ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ለውሾች ሥጋ ሲሰጥ ከሚያሳይ ምስል ጋር አቀናጅቶ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የቅንብሩ ተንኰል ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ምስሎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ የተነሡ አይደሉም። ነገር ግን ዘበኛውና ወጥ ቤቷ ለዓመታት በሹክሹክታ ሲናገሩት የኖሩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ምስል ሆኖ በይፋ ታየ። ከፊልሙ በላይ ያስደነገጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈጣን ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገባ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ድሃው ተከራይ እፎይ አለ። ሆኖም አዋጁ ባለ ሃያ ቪላውን መስፍንና በሁለት የጭቃ ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታሳድገውን መበለት በአንድ ሚዛን መዝኗቸዋል፤ የመበለቲቱ ነገር በዘመኑ የአደባባይ ንግግር ውስጥ ብዙም አልተሰማም። በመንዝ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበ ነበር። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር የጭሰኛውን አገር ሲያስፈነድቅ፣ ራሱ አራሽ፣ ራሱ ባለ ርስት የሆነውን የደጋ ሰው ግራ አጋባው። በ1967ና በ1968 ዓ.ም. በመንዝ የተነሣውን አመፅ የመሳፍንት ተንኰል ብቻ አድርጎ ማየት ይህን መዘንጋት ይሆናል። ከሞላሌ ወደ ሰሜን፣ አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚዎች የሚወለዱ ሁሉ በአጽመ ርስት የሚጠብቁት የጓሳ መስክ፣ የሣሩ መታጨጃ ጊዜ የሚወሰንበት የቄሮ ሥርዓቱ ከአዋጁ ጋር ፈረሰ።

ወሬስ ምን ሆነ? ለጥቂት ወራት በየቀበሌው አደባባይ ወጣ፤ ማን ትርፍ ቤት ደበቀ፣ ማን በዘመዱ ስም አስመዘገበ፣ ማን ወርቁን ቀበረ የሚለው በስብሰባ ይነገር ነበር። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ግን ማጋለጥ የሚባለው ነገር መጣ። በመልኩ አውጫጭኝን ይመስላል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ያየህን፣ የሰማህን ተናገር ይባላል። ሆኖም ተናጋሪውና ሰሚው የአንድ አባት ልጆች አልነበሩም፤ ሽማግሌም፣ ይግባኝም አልነበረም። በቤት ኪራይ ተጣልቶ፣ በአጥር ድንበር ተቀያይሞ የተነገረ ቃል ሰው አስገደለ። አዲስ አበባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር የለመደችው ያኔ ነው። የተወረሱት ታላላቅ ቪላዎች ውስጥ አዲሶቹ ባለ ሥልጣናት ሲገቡ ዘበኛው በሩን ከፈተ፤ ያየውን ግን ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መሬት በመንግሥት እጅ እንዳለ ቀረ፤ ዋጋው ግን ተመለሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣውና በ2004 ዓ.ም. የተሻሻለው የሊዝ ሕግ ቦታን በጨረታ ማቅረብ ጀመረ፤ በ2007 ዓ.ም. በመርካቶ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 ብር በላይ የሰጠ ተጫራች ተገኝቶ ከተማውን ሁሉ አነጋገረ። ሪል እስቴት የሚለው ቃል ቪላ የሚለውን ተካ። ቤቱ ገና መሠረቱ ሳይወጣ በሥዕል ይሸጣል፤ ዕድሜ ልኩን በውጭ አገር የሠራበትን ገንዘብ ከፍሎ፣ ሥዕሉን ይዞ ዓመታት የጠበቀ ሰው ጥቂት አይደለም። ያኔ ከኩባንያው የሚገኘው መልስ ሲደርቅ ቤት ገዢዎቹ የሚይዙት ወሬ ብቻ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ከአገር ወጣ፣ ቦታው ታግዷል፣ ባንኩ ሊይዘው ነው። በ2002 ዓ.ም. የመንግሥት ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዝ አዋጅ ወጣ። ሆኖም በቦሌ አዲስ ፎቅ በወጣ ቁጥር ከአላፊ አግዳሚው የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ነው?» የሚለው መሆኑን ዛሬም ማንም የከተማው ነዋሪ ያውቃል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆን የሚፈቅድ ሕግ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ለጥያቄው መልስ መስጠት ከእንግዲህ ይበልጥ ያስቸግራል።

በሞላሌ በኩል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአማራ ክልል የተጀመረው የገጠር መሬት ምዝገባ ደርሶ ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጥቶታል። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም፣ የማሳው ስፋት ተጽፏል። የአቅኚ አባት ስም የለበትም። ከማሳው በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን፣ በሰሜንና በደቡብ ማን እንደሚያዋስን ግን በስም በስማቸው ሰፍሯል፤ ድንበር ሲገፋ ዛሬም ተጠርተው የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።